የሰው ማመን ለቅሶ

በዚያ አገር ሰው ከጎረቤቱ ሲቀያየም ዳኛ ፊት ከመቆሙ በፊት ውሻ ያሳድጋል። ቡችላ ያመጣና ስም ያወጣለታል፤ ስሙ ግን ለውሻው ሳይሆን ለጎረቤቱ ነው። ከብት ሲገባ ከአጥሩ ሥር ቆሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይጠራዋል። ጎረቤትም ይሰማል፣ ውሻውም ይመጣል፤ ውሻውን ጠራ ብሎ የሚቀጣ ዳኛ፣ የሚገዝትም ቄስ የለም።

ካሴም ያደረገው ይህንኑ ነው። መንደሩ ከደብረ ወርቅ ወደ ደብረ ማርቆስ በሚያወጣው መንገድ፣ ከአንዲት ጉብታ ሥር ነበር። ጎረቤቱ ፈንታ በድንበር ክርክር ሽማግሌ ፊት ቀርቦ፣ «ድንጋዩ ድሮም እዚሁ ነበር» ብሎ ማለና ካሴ አንዲት ትልም የምታህል መሬት አጣ። በሳምንቱ ቡላ ቡችላ በጋቢው ሸጉጦ መጣና «ሰው ማመን» ብሎ ሰየመው። የተረቱን ቀሪ፣ «ቀብሮ ነው» የሚለውን፣ ፈንታ በየማታው ለራሱ ይሙላው ብሎ ነው። ፈንታም የዋዛ ሰው አይደለም፤ ወር ሳይሞላ ጥቁር ቡችላ አመጣና «ምን በደልኩ» አለው። ከዚያ ወዲህ የመንደሩ ሰው የሁለቱን ሙግት በየማታው በነጻ ይሰማ ጀመር። ውሾቹ ግን የጌቶቻቸው ነገር አልገባቸውምና በአጥሩ ቀዳዳ እየሾለኩ አብረው ይውላሉ፤ አጥንትም ቢገኝ ይካፈላሉ።

የካሴ ሚስት የብርጓል ይህን ሁሉ አልወደደችውም። «ለስድብ የመጣ ውሻ ከእኔ ቤት እህል አይቀምስም» ብላ ፎከረች፤ ፉከራው የቆየው እስከ ማግስቱ ነው። የብርጓል ፈታይ ነበረች። የእሷን ፈትል የያዘ ሸማኔ «ዛሬስ እጄ አረፈ» ይላል እየተባለ እስከ ደብረ ወርቅ ገበያ ድረስ ይወራላት ነበር። እግዜር ልጅ አልሰጣትም፤ ሰው ይህን ሲያነሣባት እንዝርቷን ታሾራለች እንጂ አትመልስም። ቡችላው ከእግሯ ሥር ይተኛና እንዝርቷ ሲሾር ዓይኑ አብሮ ይዞራል። ልቃቂቱ ከእጇ አምልጦ ሲንከባለል ተከትሎ ይሄድና በአፍንጫው እየገፋ ይመልስላታል፤ አንድም ቀን በጥርሱ ነክቶባት አያውቅም። ይህን ያየች ጥሩነሽ፣ የፈንታ ሚስት፣ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ «ከባልሽ ይልቅ ይታዘዝሻል» ብትላት፣ የብርጓል ቀና ሳትል «ከባልሽም» አለቻት።

በ1930 ዓ.ም. ጎጃም በጣሊያን ላይ ሲነሣ ካሴ ጠመንጃውን ከጣራው ሥር አወጣና ዱር ገባ። ውሻው እስከ ጉብታው ጫፍ ተከተለው። እዚያ ካለችው ሾላ ሥር ሲደርሱ ካሴ ዘወር ብሎ፣ «በቃ፤ አንተ እሷን ጠብቅ» አለው። ሰው ማመን ተቀመጠ፤ ካሴ ቁልቁለቱን ወርዶ እስኪሰወር ድረስም አልተነሣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ወደ ጉብታው ይወጣል፤ ከሾላዋ ሥር ሆኖ መንገዱን ሲያይ ያረፍዳል፤ ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ የብርጓል ስትጠራው ይመለሳል። እሷ ስትጠራው ግን እንደ ካሴ አትጮህም። አገር በጣሊያን ተይዞ ሳለ በአንዲት ትልም መሬት ጎረቤትን መዝለፍ ነውር ሆኖ ታያት። ፈንታም ይህን ልብ አለ፤ እሱም ውሻውን በፉጨት መጥራት ጀመረ።

ያኔ ለጣሊያን ያደረ፣ በዚያ አካባቢ የተሾመ እንዳላማው የሚባል ሰው ነበር። የብርጓልን አስጠራት።

«ባልሽ የት ነው?»

«እኔ ምን አውቄ፣ ጌታዬ። እንኳን እሱ ወሬውም አልደረሰኝ።»

«ወሬው የደረሰሽ ዕለት መጥተሽ ትነግሪኛለሽ። ሞተ ቢሉሽም፣ ሞተ ያለሽን ሰው ስም ጭምር። ደብቀሽ የተገኘሽ እንደሆነ ቤትሽ ይቃጠላል፤ ወሬ አምጪውም ይሰቀላል።»

ወሬ አምጪው ማን እንደሆነ የብርጓል ታውቃለች። ወልደ ሩፋኤል ይባላል፤ ጨው ጭኖ ከገበያ ገበያ የሚዞር ነጋዴ ነው። የዱሩን ለቤት፣ የቤቱን ለዱር የሚያደርሰው እሱ ነበር። በ1932 ታኅሣሥ ደብረ ወርቅ ገበያ ላይ ጨው ሊሸጥላት ጎንበስ አለና፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ፣ «ካሴ ዓባይ በረሃ ላይ ወደቀ። ጓደኞቹ ቀብረውታል፤ ፍትሐትም አላጣ። እንዳታለቅሺ» አላት። የብርጓል ጨዉን በጣቷ ዳሰሰችና «ይሄ ጨው እርጥብ ነው፤ ደረቁን ስጠኝ» አለች። ሁለት ጊዜ አስለወጠችው። ከዚያ ጨዉን ተሸክማ፣ መንገድ ላይ ያገኘችውን ሁሉ እንደምን ዋላችሁ እያለች፣ ያን ሁሉ መንገድ ሄደች።

ባል ለሞተባት ሴት ደንቡ የታወቀ ነው። ትጮኻለች፣ ደረቷን ትመታለች፤ ጎረቤት ንፍሮ ቀቅሎ ይመጣል፤ ሦስት ቀን መሬት ተቀምጠው ያለቅሱላታል። የብርጓል ግን ብታለቅስ የመጀመሪያው ጥያቄ «ማን ነገረሽ?» ነው። ስለዚህ ማልቀሷን ዋጠችው። ከሁሉም የከበዳት ጋቢው ነበር። ካሴ ከሄደ ጀምሮ፣ ሲመለስ የሚለብሰው ብላ ድርና ማጉን ስትፈትል ነበር፤ ብትተወው «ምነው ተውሽው?» ይሏታል። እናም የሞተ ሰው ጋቢ መፍተሏን ቀጠለች። የነገረችው ለአንድ ብቻ ነው። ከገበያ የገባች ዕለት ሰው ማመን ሲቀበላት ተንበርክካ አንገቱን አቀፈችና በጆሮው «አይመጣም፤ አትጠብቀው» አለችው። በማግስቱ እንደ ልማዱ ወደ ጉብታው ወጣ። «አንተ ደንቆሮ» አለች ከደጃፏ ቆማ። እውነቱን ለመናገር ግን ደስ አላት፤ ካሴን በይፋ የሚጠብቅ አንድ ፍጡር ቤቷ ውስጥ ቀርቷል።

ሁዳዴ በገባ በሦስተኛው ሳምንት ሰው ማመን ታመመ። እህል ተወ፤ ሆዱ ተነፋ፤ የኋላ እግሮቹ አልታዘዝ አሉት። አንድ ቀን ጉብታውን አጋምሶ ቁጭ አለና ዞሮ አያት። እሷም መቀነቷን ፈታ በሆዱ ሥር አሳለፈችው፤ ኋላውን ከፍ አድርጋ እየያዘች እስከ ሾላዋ አደረሰችው። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ እንዲሁ ሆነ። ውሻው መንገዱን ሲያይ እሷ ከጎኑ ተቀምጣ ትፈትላለች፤ ቀትር ሲሆን «ሰው ማመን፣ ና እንግባ» ትልና መቀነቷን ይዛ ትወርዳለች። ያየ ሁሉ ሳቀባት። እሷም አልፎ አልፎ በራሷ ትስቅ ነበር።

መድኃኒት ያልሞከረችው የለም። ትል ነው ብላ ኮሶ አጠጣችው፤ አስቀመጠው እንጂ አላሻረውም። ቡዳ ነው ብላ ጤና አዳምና ነጭ ሽንኩርት አሸተተችው፤ አስነጠሰው። ጠበል አማራት፤ ውሻን ጠበል ማስነካት ግን ምን ዓይነት ድፍረት ነው! ለራሷ የመጣላትን ጠበል ከደጃፉ ላይ ረጨች። ሰው ማመን ከደጃፉ ላይ መተኛቱ የእሷ ጥፋት አይደለም።

በመጨረሻ የዶሮ መረቅ ታሰባት። ካሴ አንድ ጊዜ ወድቆ ጎኑን በተሰበረ ጊዜ ያቆመው የዶሮ መረቅ ነበር። ዶሮ አለ፤ ችግሩ ቢላዋው ነው። ሴት ዶሮ አታርድም፤ ከአጥሩ ወዲያ ያለው ወንድ ደግሞ ፈንታ ነው። ዶሮውን በብብቷ ይዛ ሄደች።

«በሁዳዴ ደም አፍስስ ትይኛለሽ?» አለ ፈንታ። «ለማን?»

የብርጓል ወደ መሬት እያየች «ለሰው ማመን» አለች።

ፈንታ ዶሮውን ከብብቷ ወሰደ። «ስንት ዓመት በጆሮዬ ሲያስጮሁት ኖረው፣ ዶሮውን ደግሞ እኔ ልረድለት!» አለና ተነሥቶ ቢላዋውን ሳለ። ምሥራቁን ይዞ ከቆመ በኋላ እንደገና ተቸገረ። በስመ አብ ቢል ምግቡ የውሻ ነው፤ ባይል ዶሮው ጥንብ ይሆናል። ወዲያና ወዲህ አይቶ፣ በሹክሹክታ አለው።

መረቁ ሲፈላ ሽታው መንደሩን ዞረው። አርባ ቀን ሽሮ ብቻ ለሚሸት አፍንጫ የዶሮ መረቅ መለከት ነው። ወሬውም ከሁሉ በፊት እንዳላማው ጆሮ ደረሰ፤ እሱም አሰበ። በሁዳዴ ሥጋ የሚፈቀደው ለጠና ሕመምተኛና ለቆሰለ ሰው ነው። የሽፍታ ሚስት በሁዳዴ ዶሮ ከቀቀለች ቤቷ የቆሰለ ሽፍታ አለ ማለት ነው። ሁለት ጠመንጃ ያዥ ባንዳዎች አስከትሎ በሩን በርግዶ ገባ። በካሴ መደብ ላይ፣ ከካሴ ቡሉኮ ሥር የተኛ ነገር አለ።

«ካሴ! አትነቃነቅ! ቀስ ብለህ ተነሥ!»

ቡሉኮው ተነቃነቀና የሰው ማመን ጭንቅላት ብቅ አለ። ተነሥ ሲባል መነሣት ልማዱ ነውና ሞከረ፤ አቃተውና ጅራቱን መደቡ ላይ መታ መታ አደረገ። ባንዳዎቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እንዳላማውም መጀመሪያ አፈረ፣ ቀጥሎ ሳቀ። ከዚያ ሥራ እንደ ፈታ ሰው በየገበያው፣ እስከ ደብረ ማርቆስ ድረስ፣ «የካሴ ሚስት በውሻ ፍቅር አብዳለች፤ በሁዳዴ ዶሮ ሠርታ አበላችው» እያለ አወራ።

የብርጓል ከነፍስ አባቷ ከቄስ ወልደ ሚካኤል ዘንድ ሄዳ ወደቀች።

«ቀመስሽው?» አሏት።

«አልቀመስኩም፣ አባቴ።»

«ጨዉንስ?»

«ጨዉንም በግምት ነው የጨመርኩት።»

«እንግዲያ ጾምሽ አልፈረሰም። ሽታው ለፈተናቸው ጎረቤቶችሽ አርባ ስገጂ። እኔንም ፈትኖኛል» አሉና ፊታቸውን አዞሩ።

መረቁ ለአንድ ሳምንት ያህል ደገፈው። ከገብር ኄር በማግስቱ፣ ሰኞ ጠዋት፣ እንደ ወትሮው በመቀነቷ ደግፋ ጉብታው ላይ አወጣችው። ከሾላዋ ሥር ተጋድሞ መንገዱን ማየት ጀመረ፤ እሷም ባዘቶዋን አውጥታ መፍተሏን ያዘች። ረፋዱ ላይ ልቃቂቱ ከእጇ አመለጠና ተንከባሎ ከአፉ አጠገብ ቆመ። ሰው ማመን አንገቱን ዘርግቶ በአፍንጫው አንድ ጊዜ ገፋው። ወደ እሷ አንድ ስንዝር ያህል ቀረበ። ሁለተኛውን ስትጠብቅ ቆየች። ከዚያ እጇን ጎኑ ላይ ብትጭን አይተነፍስም።

የብርጓል አልተነሣችም፤ ሰዓቱ ገና ነበር። ፀሐይ አናቷ ላይ እስክትደርስ ከጎኑ ተቀመጠች፤ ከዚያ ቀስ ብላ «ሰው ማመን፣ ና እንግባ» አለችው። ራሷ የተናገረችውን ስትሰማ ከታኅሣሥ ጀምሮ የታፈነው ጩኸት ወጣ። ኡኡታዋን የሰማ ገበሬ ሞፈሩን እየጣለ ሮጠ። ከሁሉ ቀድሞ የደረሰው ጅራፉን እንደ ያዘ ፈንታ ነው።

«ምን ሆንሽ? ማን መጣብሽ?»

«ሰው ማመን ሞተ!» አለችና ደረቷን መታች።

ፈንታ ውሻውን አየ፤ እሷን አየ። ጅራፉን ጣለና ከጎኗ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«እኅቴ» አላት ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ፣ «የሁለቱንም አልቅሺ።»

የብርጓል ድንገት ቀና አለች። «ታውቅ ነበር?»

«ከታኅሣሥ ጀምሮ። ወልደ ሩፋኤል ነገረኝ፤ ጎረቤቷ ነህና እንዳታስከፋት ብሎ።»

ፈንታ ተነሣ። ጋቢውን እንደ ለቀስተኛ አዘቅዝቆ ለበሰና ወደ መንደሩ ዞሮ፣ «ሰው ማመን ሞቷል! ኑ አልቅሱ!» ብሎ ጮኸ። እስከዚያ ቀን ያን ስም ከአፉ ሲያወጣ የሰማ ሰው አልነበረም። መንደሩም ገባው፤ የካሴ ሞት ለካ ፀሐይ የሞቀው አገር ያወቀው ኖሯል፤ ሁሉም እሷ እንዳትሰጋ ብሎ ዝም ብሏል። ሰው ነጠላውን እያዘቀዘቀ መጣ። ጥሩነሽ ንፍሮውን ጣደች። አልቃሿ ጥላነሽ ከሴቶቹ መካከል ብድግ ብላ፣

«ከጉብታው ላይ ሆኖ መንገድ ሲጠባበቅ፣
እሱም ሄደ መሰል የቀረውን ሊያውቅ»

ስትል ሴቶቹ ብቻ ሳይሆኑ ሽማግሌዎቹም ተንሰቀሰቁ።

የሞተ ውሻ ገደል ይጣላል እንጂ አይቀበርም። ፈንታ ግን ከሾላዋ ሥር ጉድጓድ ቆፈረ፤ በካሴ ቡሉኮ ጠቅልለው አስገቡት። ጅብ እንዳያወጣው ድንጋይ ሲያስፈልግ ፈንታ ወርዶ ሄደና ጎብጦ፣ እያለከለከ፣ አንድ ትልቅ ድንጋይ ተሸክሞ መጣ። የብርጓል ድንጋዩን አወቀችው፤ የድንበሩ ድንጋይ ነበር። ፈንታ ከመቃብሩ ላይ አስቀመጠውና፣ «ድሮም እዚያ አልነበረም» አለ።

በሁለተኛው ቀን እንዳላማው በበቅሎ መጣ። ሰው ሁሉ መሬት ተቀምጦ ሲያለቅስ አየና «ማነው የሞተው?» አለ።

«ውሻዋ ነው፣ ጌታዬ» አለ ፈንታ ተነሥቶ እጅ እየነሣ። «በውሻ ፍቅር አብዳለች ሲሉ ሰምተን፣ ብቻዋን ብንተዋት ገደል ትገባለች ብለን ነው።»

እንዳላማው ያን ወሬ በየገበያው ያወራው ራሱ ነው፤ እንዴት አያምን! ከት ብሎ ሳቀና «ጎጃሜ ሁሉ አብዷል» ብሎ በቅሎውን መለሰ። ለቅሶው በሦስተኛው ቀን በደንቡ ተፈጸመ።

የብርጓል ግን በልቧ አንድ ነገር ይወጋት ጀመር። በዚያ ሦስት ቀን ያፈሰሰችው እንባ ሁሉ የካሴ ነበር። ለውሻው አንዲት ጠብታ አልተረፈችውም፤ ስሙን ተበድራ ባሏን አለቀሰችበት። ልቃቂቱ ሲያመልጣት ራሷ ተነሥታ ታመጣዋለች። ቀትር ሲሆን ልትጠራ አፏን ትከፍትና ትዘጋዋለች። ጋቢውን ፈትላ ጨረሰች፤ ሸማኔ ሠራው፤ ሳይለበስ ተቀመጠ።

በ1933 መጋቢት ጣሊያን ከደብረ ማርቆስ ወጣ፤ እንዳላማውም የገባበት ጠፋ። በግንቦት የካሴ ለቅሶ በይፋ ተለቀሰ። ጓደኞቹ ጠመንጃውን ይዘው መጡ፤ የብርጓል በፈተለችው ጋቢ ላይ አጋደሙት። ወልደ ሩፋኤልም ማንንም ሳይፈራ ከፊት ተቀመጠ። ሰው ሁሉ ደረቱን ሲመታ የብርጓል ዓይኗ ደረቅ ነበር፤ «ምነው? አልወደደችውም እንዴ?» ያለ እንግዳም አልጠፋ። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ግን ድንገት ብድግ አለች። ወደ ጉብታው ዞረችና እሪ አለች።

«የኔ ጠባቂ! ዝናብ ፀሐይ ሳትል መንገድ ያየህ! አንድ ጊዜ ስጠራህ ቀርተህ የማታውቅ! ዛሬ ብጠራህ ማን ይመጣል!»

«ወይ ካሴ!» አሉ እንግዶቹ ደረታቸውን እየመቱ። «ምን ዓይነት ባል ነበር!»

ፈንታ ቀና ብሎ አያት። ካሴን ከልጅነቱ ያውቀዋል፤ ሦስት ጊዜ ሳይጠሩት አይመጣም ነበር፤ ደግሞስ መቼ ማንን ጠብቆ ያውቃል። ፈንታ ተነሣና ከጎኗ ቆመ። ለቀስተኛ የሟቹን ስም እንደሚጣራ፣ በሙሉ ድምፁ፣ «ሰው ማመን! ወንድሜ ሰው ማመን!» ብሎ ጮኸ።

ከአጥሩ ወዲያ ያረጀው የፈንታ ውሻ፣ ምን በደልኩ፣ ይህን ስም ሰማ። በዚያች ቀዳዳ እያነከሰ ሾልኮ ገባና በለቀስተኛው መካከል እያሸተተ ጓደኛውን ይፈልግ ጀመር።